ቁጥር የሌለው ግቢ

ያን ሥራ ያገኘሁት አማርኛ ስለምችል ብቻ ነው። ከእስራኤል ሠራዊት ወጥቼ ሚክላላ፣ ኮሌጅ ማለት ነው፣ ሁለተኛ ዓመቴን የጀመርኩ ሰሞን፣ የማኅበራዊ ጥናት የምታስተምረን ሴትዮ ከክፍል ስወጣ ጠራችኝና "እቤት አማርኛ ነው የምታወሩት?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ከፋብሪካዎቹ ሰፈር ጀርባ ሰዎች የሚኖሩበት አንድ ግቢ እንዳለ፣ መኖሪያ ተብሎ እንደማይታወቅ፣ መብራቱም ውኃውም ከሌላ ቤት የተቀጠለ መሆኑን ነገረችኝ። ከነዋሪዎቹ ግማሾቹ የኛ ሰዎች፣ ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተ እስራኤላውያን ናቸው፣ ግማሾቹ ኤርትራውያን። የጥናቷ ጥያቄ አንድ ነው። ሰው ደኅንነትም አገልግሎትም በሌለበት ቦታ ሲኖር፣ ኑሮውን ከችግሩ ጋር እንዴት ያስማማዋል? እኔ ሄጄ እጠይቃለሁ፣ ድምፃቸውን እቀርጻለሁ፣ ወደ ዕብራይስጥ መልሼ እሰጣታለሁ።

ያደግኩት አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ዛይን በሚባል ሰፈር ነው። ከቤታችን እስከዚያ ግቢ በአውቶቡስ ጥቂት ፌርማታ ቢሆን ነው። ወደ ባሕር ስንሄድ፣ ወደ ገበያ ስንሄድ፣ በደጁ ስናልፍ ኖረናል። ከመንገዱ የሚታየው ዝገት የበላው የቆርቆሮ አጥርና የአንድ ጎማ ጠጋኝ ቤት ብቻ ነው። ከጀርባው ልብስ የሚያሰጣ፣ ሽንኩርት የሚያቁላላ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ግቢው ድሮ የብርቱካን ማሸጊያ ነበር። ባለቤቱ አዳራሹን በጂብሰም ሰሌዳ ከፋፍሎ ክፍል ክፍል አደረገው፤ እሱ ሲሞላ ደግሞ አሮጌ ኮንቴይነሮች አምጥቶ በአጥሩ ጥግ ደረደረ። ውኃ የሚቀዳው ከአንድ ቧንቧ ነው። መብራቱ ከጎማ ጠጋኙ ቤት በአንድ ወፍራም ገመድ ይመጣና በቀጫጭን ገመዶች በየክፍሉ ይከፋፈላል። ቦታው ረባዳ ስለሆነ ዝናብ ሲጥል የመንገዱ ውኃ ሁሉ ወደዚያ ይወርዳል። ነዋሪዎቹም ገመዶቹን መሬት እንዳይነኩ በብሎኬት ላይ ከፍ አድርገው ዘርግተዋቸዋል።

መጀመሪያ ቀን ቧንቧው አጠገብ ያገኘኋቸው እትዬን ነው። ስማቸውን አልጽፍም። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ቀና ብለው የሚሄዱ ሴት ናቸው። የኒካዮን ሥራ ነው የሚሠሩት፤ የሠርግ አዳራሽ ያጸዳሉ። ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ።

"የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ።

ለጥናት እንደመጣሁ መናገር ስጀምር በእጃቸው አቋረጡኝ። "እሱን በኋላ ትነግሪኛለሽ። የማን ልጅ ነሽ?"

የአባቴን አባት፣ የእናቴን አባት፣ ከጎንደር የመጡበትን ሰፈር ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና የአያቴን እህት እንደሚያውቋት፣ በሠርጓ ላይ እንደነበሩ ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ ጀሪካኑን በአንድ ጎን ያዝኩላቸውና ተያይዘን ወደ ክፍላቸው ገባን።

ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው አልጋ ላይ ተደግፎ ተቀምጧል። የእትዬ ታላቅ ወንድም ናቸው። እትዬ "አያ" ይሏቸዋል፤ እኔ ጋሼ አልኳቸው። አፍና አፍንጫቸውን ከሸፈነ ማስክ የወጣ ቀጭን ቱቦ አልጋው ሥር ካለ ማሽን ጋር ተያይዟል። ማሽኑ እያጓራ አየር ያጣራል። ጋሼ ለሰላምታ ከአልጋው ሊነሱ ሲሞክሩ "ኧረ በእግዜር ይቀመጡ!" ብዬ ሮጥኩ። እሳቸውን ግን ያሳፈራቸው ለእንግዳ መነሳት እንዳቃታቸው ማየቴ ነበር፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ጋሼ ለብዙ ዓመት የኩሽና ጠረጴዛ የሚሆነውን ሰው ሠራሽ ድንጋይ ይቆርጡ ነበር። አቧራው ሳንባቸውን ጨረሰው። ወርክሾፑ ተዘጋ፣ ባለቤቱም የት እንደገባ አልታወቀም። ከሚስታቸው ጋር ሲለያዩ ሮቫ ሄ የነበረው ቤት ለእሷና ለልጆቹ ቀረ። እትዬ ባል የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ናቸው፤ ወንድማቸውን ይዘው የተከራዩት ቤት ሲሸጥ፣ ማሽን የታጠቀ በሽተኛ የሚያስገባ አከራይ አጡ። እዚህ ግቢ የገቡት "ለአንድ ወር" ብለው ነበር። እኔ ስመጣ ሁለተኛው ክረምት ገብቶባቸዋል።

መቅረጫውን ከፍቼ የመጀመሪያውን ጥያቄ ስጠይቃቸው ችግር ገጠመኝ። መምህሬ በዕብራይስጥ የጻፈችውን ቃል በአማርኛ የማውቀው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። "እንዴት ነው የምትችሉት?" አልኳቸው።

እትዬ ሳቅ አሉ። ሳቃቸው ግን ከአፋቸው አላለፈም።

"ማን ቻለው?" አሉኝ።

ይህንን እንዴት ወደ ዕብራይስጥ እንደምመልሰው አላወቅሁም። ብዙ ቀን ሞክሬ በመጨረሻ እንዳለ በአማርኛ ፊደል ተውኩት።

ክረምቱን ሙሉ ተመላለስኩ። እትዬ ከየክፍሉ ሰው እያገናኙኝ፣ "የኛ ልጅ ናት፣ አትፍሯት" እያሉ አስተዋወቁኝ፤ የጋሼንም ድምፅ ቀረጽኩ። ብዙ ነገር አየሁ። ሰዎቹ የመጸዳጃ ቤቱን በር በየተራ ይጠግናሉ። ቆሻሻ የሚወስድ መኪና ስለማይመጣ እያንዳንዱ ሰው ወደ ሥራ ሲሄድ ከረጢቱን ይዞ ይወጣና መንገድ ላይ ካለ ገንዳ ይጥላል። ደብዳቤ የሚመጣላቸው በዘመድ አድራሻ ነው። ሌባ ከገባ የሚጠሩት ፖሊስ የለም፤ ፖሊስ ከመጣ ግማሾቹ ራሳቸው ይደበቃሉ።

ከሁሉ በላይ ግን ግቢው ለማሽኑ የሠራው ሕግ አስገረመኝ። መብራቱ ሸክም ሲበዛበት ይደክማል፤ ሲደክም የጋሼ ማሽን ይጮኻል። ማሽኑ ሲጮኽ እትዬ በር ከፍተው "ማሽን!" ብለው ይጣራሉ። ያን ጊዜ ምድጃ የለኮሰ ምድጃውን፣ ማሞቂያ የሰካ ማሞቂያውን ይነቅላል። የሚያጉረመርም አላየሁም። ብርድ ሲጠና፣ ሕፃን ያላቸው ሴቶች ልጆቻቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። አንድ ቀን እትዬ ጥሪውን ከጨረሱ በኋላ በሩ ላይ ቆመው ሲያለቅሱ አገኘኋቸው።

"ምነው እትዬ?"

"የሰው ልጅ በብርድ አስቀምጬ የኔን ወንድም አስተነፍሳለሁ። ይህ ፍርድ ነው? እስከ መቼ ዝም ይሉኛል?"

መብራቱን የዘረጋው ጎረቤታቸው ነው፤ በሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ ኤርትራዊ፣ በቀን የሴራሚክ ሠራተኛ። አማርኛ በደንብ ይናገራል፤ እትዬን ግን በትግርኛ "ኣደየ"፣ እናቴ፣ ነው የሚላቸው። እትዬም ከቤተሰባቸው ግማሹ ትግርኛ ተናጋሪ ስለሆነ በዚያው ይመልሱለታል። አምቡላንስ ግቢውን ማግኘት ስለማይችል፣ እሱ ከማሸጊያው የቀረ አንድ የእንጨት በር ላይ ቀበቶ ቸንክሮ ቃሬዛ ሠርቷል። ጋሼ የባሰባቸው እንደሆነ በዚያ ተሸክመው ነዳጅ ማደያው ድረስ ይወስዷቸዋል፤ አምቡላንሱም እዚያ ይመጣል። "ነዳጅ ማደያው አድራሻ አለው" አለኝ፤ ቀልድ ግን አልነበረም።

በበጋ ሮኬት መጣ።

አሽዶድ ላደገ ሰው ሮኬት እንግዳ ነገር አይደለም። አዛካው፣ ማለትም የማስጠንቀቂያው ጩኸት፣ ሲጀምር ሰው ወደ ማማድ፣ በየቤቱ ወዳለው የሲሚንቶ መጠለያ ክፍል፣ ይገባል። ማማድ የሌለው ወደ ደረጃው ይወጣል ወይም ወደ ሰፈሩ መጠለያ ይሮጣል። ጊዜው ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። እኔም ያን በጋ እናቴንና ታናናሾቼን ይዤ ስንት ጊዜ እንደገባሁ ቁጥር የለውም። የብረቱን በር ስዘጋ ግን ሐሳቤ ግቢው ጋ ነበር። በጂብሰም ግድግዳና በቆርቆሮ ጣራ ሥር የት ይገባሉ?

እናቴ አትሂጂ ብላ እየለመነችኝ ሄድኩ። ከእትዬ ጋር ተቀምጬ ገና ሻይ ሳይቀዳልኝ አዛካው ጀመረ። ግቢው በአንድ ጊዜ ተነቃነቀ። ሰው ሁሉ በስተኋላ ባለ የአጥር ቀዳዳ እየሾለከ ወጣ፤ ከአጥሩ ማዶ ለመንገድ ሥራ መጥቶ የተረሳ ትልቅ የሲሚንቶ ቱቦ አለ። እትዬ ትከሻዬን ይዘው ገፈተሩኝ።

"ሂጂ! ተከተያቸው!"

"እርስዎስ?"

"ሂጂ አልኩሽ!"

ሮጥኩ። ቱቦው ውስጥ ተደራርበን ተቀመጥን። አንዲት እናት የሕፃኗን ጆሮ በሁለት እጇ ደፍናለች። ከላይ የሚፈነዳው ድምፅ በሲሚንቶው ውስጥ ሲያልፍ ጥርሴን አንቀጠቀጠው። ሲያልቅ ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። እትዬ አልጋው ላይ ከወንድማቸው ጎን ተቀምጠው፣ ሌላ ፍራሽ ከላያቸው በሁለት እጃቸው ደግፈው ይዘዋል።

ጋሼ ማስኩን ከፊታቸው ዝቅ አደረጉ። ሲናገሩ በየሁለት ቃሉ አየር ይሳቡ ነበር። "ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ይህችን ሴት... ንገሪልኝ። ሩጪ ብላት... አትሰማኝም። እኔ... ያለቀልኝ ሰው ነኝ። እሷን... ውሰዱልኝ።"

"አያ፣ ዝም በል፤ ትንፋሽህን አትጨርስ" አሉ እትዬ።

"ንገሪያት" አሉኝ እንደገና።

አልነገርኳቸውም። ምን ብዬ? ከዚያ ሳምንት በኋላ ደግሜ ሄጄ ነበር፤ አዛካው ሲጮኽ አልሮጥኩም። ጀግንነት አልነበረም። እትዬ ፍራሹን በአንድ በኩል ብቻቸውን ማንሳት አቅቷቸው ሳይ እጄ ሌላውን ጫፍ ያዘ፣ በቃ። ፍንዳታው ቅርብ ነበር። ከጣራው የጂብሰም አቧራ እንደ ዱቄት ወረደ። ጋሼም ማሳል ጀመሩ። ሮኬቱ ሳይነካቸው አቧራው ሊገድላቸው ነበር። እትዬ ነጠላቸውን ጀሪካኑ ውስጥ ነክረው ጨምቀው ፊታቸው ላይ አለበሷቸው። "ተንፍስ፣ አያ። ቀስ ብለህ። ቀስ ብለህ ተንፍስልኝ" እያሉ፣ አቧራው እስኪረግፍ ድረስ እዚያው ተንበርክከው ቆዩ። የእትዬ ከንፈር የጋሼን ከንፈር ያህል ጠቁሮ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ጥናቱን ትቼ ቢሮ ለቢሮ መዞር ጀመርኩ። የቢሮዎቹን ስም አልጠራም፤ ብዙ ናቸው፣ መልሳቸው ግን አንድ ነው። በአንደኛው ጋሼ በስማቸው ቤት ስለነበራቸው የመንግሥት ቤት አይገባቸውም ተባልኩ። ቤቱ አሁን የሳቸው እንዳልሆነ ተናገርኩ። "ነበራቸው ወይስ አልነበራቸውም?" አለችኝ ሠራተኛዋ። በሌላው የኪራይ ድጋፍ ለማግኘት የኪራይ ውል አምጪ ተባልኩ፤ የግቢው ባለቤት ደግሞ ውል የሚባል ነገር ሲሰማ "ካልተመቻቸው ይውጡ" ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። ስለ መጠለያ የጠየቅኩት ሰው ትሑት ነበር። ኮምፒዩተሩን ወደ እኔ አዙሮ ካርታ አሳየኝ። የግቢው ቦታ ላይ ምንም የለም።

"እዚህ ማንም አይኖርም" አለኝ።

"ይኖራሉ። ትናንት እዚያ ነበርኩ።"

"አምንሻለሁ። ግን መኖሪያ ባልሆነ ቦታ መጠለያ አላስቀምጥም። ካስቀመጥኩ መኖሪያ ነው ማለቴ ነው።" ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። "አንቺ ልጃቸው ነሽ?"

"አይደለሁም።"

"ታዲያ ምናቸው ነሽ?"

አጥኚያቸው ነኝ ማለት አፍሬ ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ።

መምህሬ ክፉ ሰው አልነበረችም። የነገርኳትን ሁሉ ሰማች፤ የምታውቃቸው ሁለት ሰዎች ጋ ደወለች። ከሁለቱ አንዱ መልሶ ደወለላት፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚታይ ነገር እንደሆነ ነገራት። ለእትዬ ይህን ስነግራቸው "የሚቀጥለው ዓመት" ብለው ደገሙት፤ ወደ አልጋው ዞረው የወንድማቸውን ትራስ አስተካከሉ።

በጋው አልፎ፣ በዓላቱ አልፈው፣ የመጀመሪያው ዝናብ በዕለተ ዓርብ መጣ። ያን ቀን ወደ ግቢው የሄድኩት እናቴ የሰንበት ዳቦ ጋግራ "ለዚያች ሴት አድርሺላት" ስላለችኝ ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሱቆች ተዘግተዋል፣ አውቶቡሱ የመጨረሻው ነበር። ከአውቶቡስ ስወርድ ሰማዩ ጠቁሯል። አጥሩ ጋ ሳልደርስ አወረደው።

እንዲህ ያለ ዝናብ አሽዶድ ብዙ ጊዜ አይጥልም። ሲጥል ግን መንገዱ ወንዝ ይሆናል። ውኃው በአጥሩ ሥር ገብቶ ግቢውን ሞላው። ሰዎቹ ፍራሽ፣ ሕፃን፣ የእህል ከረጢት ወደ ላይ ያነሳሉ። ብሎኬቶቹ ሲዋጡ አየሁ። ከጎማ ጠጋኙ ግድግዳ ላይ ኃይለኛ ተኩስ የመሰለ ድምፅ ተሰማ፤ ሰማያዊ ብርሃን ብልጭ አለ፤ ግቢው ጨለመ።

የጋሼ ማሽን ጮኸ። እትዬ በሩን ከፍተው "ማሽን!" ብለው ተጣሩ። ምድጃ የሚነቅል ሰው ግን አልነበረም፤ የሚነቀል ነገር ሁሉ ጠፍቷል። እትዬም ያውቃሉ። እየደጋገሙ ግን ይጣራሉ። "ማሽን! ኧረ ማሽን!"

ትርፍ የኦክስጅን ሲሊንደር ነበራቸው። በየጊዜው የሚያመጣው ሰው ነዳጅ ማደያው ላይ ነበር የሚያስረክበው፤ ባለፈው ሳምንት ግን በበዓሉ ምክንያት ሳያመጣ ቀርቶ፣ ያለው ሲሊንደር ወደ ማለቁ ነበር። ጎረቤታቸው ውኃውን እየገፋ ገባ፤ ቱቦውን ከማሽኑ ነቅሎ ሲሊንደሩ ላይ ገጠመው። የመለኪያውን መርፌ አየ፣ እኔን አየኝ፣ ለእትዬ ግን አልነገራቸውም።

"ኣደየ፣ አሁኑኑ እንውሰዳቸው" አለ።

እኔ አምቡላንስ ደወልኩ። የመለሰችልኝ ልጅ "መንገዱ? ቁጥሩ?" አለችኝ።

"ቁጥር የለውም።"

"እመቤት፣ ያለ ቁጥር መላክ አልችልም።"

"ነዳጅ ማደያው ጋ ላኪ! ሰው ሊሞት ነው፣ ነዳጅ ማደያው ጋ!"

አራት ሰዎች ጋሼን ቃሬዛው ላይ አስተኝተው በቀበቶ አሰሯቸውና ወደ ትከሻቸው አነሷቸው። እትዬ በአንድ ጎን የወንድማቸውን ማስክ ይዘዋል፤ እኔ በሌላው ጎን ሲሊንደሩን እንደ ሕፃን ታቅፌያለሁ። ውኃው እስከ ጉልበታችን ነበር። ከሥሩ ምን እንዳለ፣ የትኛው ገመድ እንዳለ አይታይም። በየእርምጃው አሁን ኤሌክትሪኩ ይይዘናል እያልኩ ነበር። አንዱ ተሸካሚ ተሰናክሎ ቃሬዛው ሲያዘነብል እትዬ ጮኹ፤ ጋሼ ዓይናቸውን ገልጠው እህታቸውን ብቻ ያዩ ነበር። መንገዱን ስንሻገር መኪኖች ጥሩምባ ነፉብን። አንድም የቆመ የለም።

አምቡላንሱ ሌላ ማደያ ሄዶ ቆይቶ መጣ። ጎረቤታቸው ዝናቡ ውስጥ መንገዱ መሐል ገብቶ እጁን እያወዛወዘ አቆመው። ያን ጊዜ አሽዶድ ሆስፒታል ስላልነበራት ወደ ሌላ ከተማ ነበር የሚወስዱት። እትዬ አብረው ገቡ። በሩ ሲዘጋ ሲሊንደሩ አሁንም በእጄ ነበር፤ ሳየው መርፌው መጨረሻው ላይ ነው።

ጋሼ ያን ቀን አልሞቱም። ሆስፒታል ብዙ ሳምንት ቆዩ። ከዚያ ሐኪሞቹ መብራቱ ወደማያስተማምን ቦታ መመለስ አይችሉም አሉ፤ ልክ ነበሩ። አልጋ የተገኘው በሰሜን፣ ሩቅ ባለ አንድ የበሽተኞች መጦሪያ ቤት ነው። እትዬን "ይስማማሉ?" ብሎ የጠየቃቸው የለም። ፈርሙ አሏቸው፣ ፈረሙ። እሳቸው ደግሞ አሁን ብቻቸውን ስለሆኑ፣ ጤነኛም ሠራተኛም ስለሆኑ፣ ምንም የሚገባቸው ነገር የለም ተባሉ። ወደ ግቢው ተመለሱ። ጎረቤታቸው መብራቱን እንደገና ዘርግቶ ነበር።

ሳምንት በሳምንት፣ ሥራ በማይኖራቸው ቀን፣ በሁለት አውቶቡስና በባቡር ይሄዱ ነበር። ሁለት ጊዜ አብሬያቸው ሄጃለሁ። ቤቱ ንጹሕ ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ አልጋው የሚነሳና የሚወርድ፣ ኦክስጅኑ ከግድግዳው በቀጥታ የሚመጣ። አማርኛ የሚያውቅ ሰው ግን አንድም የለም። ጋሼ ዕብራይስጥ የሚያውቁት የወርክሾፕ ዕብራይስጥ ነው፤ "ቁረጥ"፣ "አንሳ"፣ "ተጠንቀቅ"። ሠራተኞቹ መናገር የማይችሉ ሰው ናቸው ብለው አምነዋል። በግራ ጎናቸው መተኛት እንደማይችሉ እትዬ ሲያስተረጉሙኝ፣ ነርሷ ደንግጣ "ለምን አልነገሩንም?" አለች።

እትዬ ምግብ እያጎረሷቸው የግቢውን ወሬ ያወሩላቸዋል፤ ማን እንደወለደች፣ ማን ሥራ እንዳገኘ። በሁለተኛው ጉዟችን ጋሼ ያዳምጡና ጭንቅላታቸውን ይነቀንቁ ነበር፤ መልስ ግን አልሰጡም። ስንወጣ እትዬ ኮሪደሩ ላይ ቆሙ።

"ቃል ጠፋበት" አሉኝ። "ሳምንቱን ሙሉ የሚሰማው ሲያጣ፣ አማርኛውም ጠፋበት።"

የሞታቸው ስልክ የመጣው ለእኔ ነው። መጦሪያ ቤቱ ዕብራይስጥ የሚችል ዘመድ ሲጠይቅ እትዬ የኔን ቁጥር ሰጥተው ነበር። ማለዳ ነው፤ ጸደይ ነበር። ሴትዮዋ በትሕትና ነገረችኝ፣ አዘነችልኝም፤ ልጃቸው መስያታለሁ። በእንቅልፋቸው እንደሄዱ፣ ጠዋት ነርሷ ስትገባ እንዳገኘቻቸው ተናገረች።

መርዶ በስልክ አይነገርም። ይህን እንኳን እኔ፣ እዚህ ያደግኩት፣ አውቃለሁ። እናቴን ቀሰቀስኳት። እሷም ነጠላዋን ለብሳ ስልኩን ያዘች፤ ከሮቫ ቴት አንድ ቄስና ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከሰፈራችን ሦስት አሮጊቶች ተሰበሰቡ። ችግሩ ወዴት እንደምንሄድ ነው። ለመርዶ ወደ ሰው ቤት ነው የሚኬደው። አንዱ ሽማግሌ "ቤታቸው የት ነው?" ሲሉኝ፣ "ተከተሉኝ" አልኩ እንጂ መግለጽ አልቻልኩም።

በአጥሩ በር ገባን። ሽማግሌዎቹ በነጭ ልብሳቸው፣ በመቋሚያቸው፣ በኮንቴይነሮቹ መሐል በጭቃው ቀስ እያሉ ተራመዱ። አንዷ አሮጊት ግራና ቀኝ እያየች "የኛ ሰዎች እዚህ ይኖራሉ?" አለች በሹክሹክታ።

እትዬ ለሥራ ለብሰው ከቧንቧው ፊታቸውን ይታጠቡ ነበር። ቀና ብለው አዩን። መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ ቄሱን፣ ከዚያ የእናቴን ነጠላ አለባበስ። ውኃው ከእጃቸው እየፈሰሰ ቆሙ።

"አይደለም" አሉ። "አይደለም፣ አትቅረቡ። አትንገሩኝ።"

አሮጊቶቹ ሮጠው ያዟቸው። እትዬ ደረታቸውን እየደቁ "አያ! አያ!" ሲሉ ግቢው በሙሉ ወጣ። ጎረቤታቸው የሴራሚክ ዕቃውን ጥሎ መጥቶ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ እንደ ልጅ አለቀሰ። ትግርኛው፣ አማርኛው፣ ሙሾው ተደባለቀ።

ትንሽ ሲበርድላቸው እትዬ ክንዴን ያዙ። እጃቸው ገና እርጥብ ነበር።

"አንቺ ነሽ ያነጋገርሻቸው?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"ሲሞት ማን ነበረ አጠገቡ?"

ሽማግሌው በዓይናቸው ጠቀሱኝ፤ ሰው ነበረ በያት ማለታቸው ነው። እትዬ ግን ዓይኔን ነበር የሚያዩት።

"ማንም አልነበረም" አልኩ።

ክንዴን አልለቀቁም። "እኔ ሮኬት ሲወርድ ያልተለየሁት" አሉ። "እኔ ውኃ ሲሞላ ያልተለየሁት።"

ቀብሩ በዚያው ዕለት አሽዶድ ተፈጸመ። ልጆቻቸው መጥተው ነበር፤ ሴቷ ልጅ ከሠራዊት በዩኒፎርሟ መጥታ ከጉድጓዱ ማዶ ቆማ ነበር፤ እትዬ ሄደው አቀፏት። ሰባቱን ቀን ሐዘን የተቀመጥነው ግቢው ውስጥ ነው። እናቴ የእኛ ቤት ይሁን ብላ ለመነች፤ እትዬ "የኖረው እዚህ ነው፤ እዚህ ይለቀስለታል" አሉ። ጎረቤቶቻቸው ሸራ ወጠሩ፣ ብሎኬትና ሳንቃ አግዳሚ አደረጉ። ከሮቫ ሄም፣ ከሮቫ ቴትም፣ ከሮቫ ዛይንም ሰው መጣ። መንገዱን የማያውቀውን ሁሉ እየወጣሁ ነዳጅ ማደያው ጋ እቀበል ነበር።

ከሐዘኑ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የግቢው ባለቤት ቦታውን ለጭነት መኪና ማቆሚያ ሸጠው። የጂብሰሙ ግድግዳ በአንድ ቀን ፈረሰ። ጎረቤታቸው ወደ ደቡብ ቴል አቪቭ ሄደ፤ ሕፃናት የነበሯቸው እናቶች የት እንደገቡ አላውቅም፤ አንዷን ከብዙ ጊዜ በኋላ ገበያ ውስጥ አይቻት ስጣራ ሳትሰማኝ አለፈች። ጥናቱ ታተመ። የኔም ስም በመጨረሻ ገጽ ላይ ከምስጋናው ጋር አለ።

እትዬ ሮቫ ቴት አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት ቤት ገብተው አሮጊቷን እየተንከባከቡ ይኖራሉ። ለሰንበት ልጠይቃቸው ስሄድ በሩን ከፍተው ይስሙኛል፣ ያስቀምጡኛል፣ ስለ እናቴ ይጠይቁኛል። ስለ ግቢው አንስተን አናውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አሮጊቷን ጋቢ ሲያለብሱ ዞር ብለው፣ "አንቺ፣ ያን ጊዜ የቀረጽሽው የአያ ድምፅ አለ?" አሉኝ። አለ አልኳቸው። ስልኬን አውጥቼ ፈልጌ አገኘሁት፤ ልከፍተው ስል እጃቸውን እጄ ላይ አደረጉ።

"ተይው" አሉኝ። "ዛሬ አልችልም።"

እስከ ዛሬም አልሰሙትም።